«የት ደረሰሽ?»

የመስከረም ወጪ አለቀላችሁ? ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ የሰርቪሱ ክፍያ... የእኔ ኪስ ገና አላገገመም። ቢሆንም ያለፈውን መስከረም የማልረሳው በወጪው አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን ይዤ ግሸን ወጥቼ ነበር፤ የዛሬው ወጋችንም የሚነሳው ከዚያው ዳገት ነው።

እናቴ የሐይቅ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ከገባች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ «አገሬ» ስትል ግን ዛሬም ሐይቅን ማለቷ ነው። መስከረም 21 ሲቃረብ እግሯ አያርፍም። ግሸን ደብረ ከርቤን ላላያችኋት፦ አምባሰል ውስጥ የምትገኝ፣ አናቷ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ፣ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ናት። ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ስለሆነች ከአራቱም ማዕዘን ሰው ይጎርፋል። መግቢያዋ አንድ በር ነው። በድሮ ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው የሚኖሩትም እዚያው ላይ ነበር። መኪና እስከቻለበት ድረስ ያደርሳችኋል፤ ለበዓሉ የመጨረሻውን ዳገት የሚወጣው ግን ባለ ሀብቱም ድሃውም በእግሩ ነው።

ዳገቱን አጋምሰን ትንፋሽ ለመሰብሰብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን የእናቴ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ከውጫሌ የመጣች፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አርፋለች። ከጎኗ ውሃ የያዘች ጀሪካን ያንጠለጠለች ልጅ ቆማለች። ወሎ ላይ ለመተዋወቅ ብዙ አያስፈልግም።

«ስለቱ የማን ነው?» አለቻት እናቴ ጥላውን እያየች።

«የዚች ነዋ! ማትሪክ እንድታልፍልኝ ተስዬ፣ ይኸው አለፈችልኝ። ከስድስት መቶ አራት መቶ ሠላሳ ስምንት! አሁን ደግሞ ሁለተኛ ልሳል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዲደርሳት።»

በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶው ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትማ 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ ነበር። ስለዚህ የሴትየዋ ደስታ ይገባኛል። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዳገቱ ላይ ያረፈው ሰው ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንድ ጋቢ የደረቡ አባት «አዲስ አበባ እኮ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፣ እንደ ድሮው በምደባ ብቻ አይደለም» አሉ። አንድ ወጣት «ሕክምና ከሆነ ጎንደር ነው» አለ። ሌላዋ «ሴት ልጅ ሩቅ አይላክም፣ እዚሁ ደሴ ይሻላል» ስትል፣ ከኋላ አንዱ «ደሴ ምን አለና!» ብሎ ሳቀ። የልጅቷ አጎት ደግሞ ለካ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ «ግል ኮሌጅ ላስገባት፣ እኔ ልክፈል» ብሏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ ጀሪካኗን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ታዘዋውራለች። ማንም አልጠየቃትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

በየቤታችሁ ዘንድሮ ወይም በሚመጣው ዓመት ይህንኑ ጥያቄ የምትሰሙ ብዙ ናችሁ። «የት ደረሰሽ?» ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ የቢሮ ባልደረባም ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ «ምን ልትማሪ ነው?» ብሎ የሚጀምር የለም። የሚቀድመው የቦታው ስም ነው። እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሰው ነኝ፤ ስም እንዴት እንደሚገዛና እንደሚሸጥ ትንሽ አውቃለሁ። የኮሌጆቻችን ስም ከትውልድ ትውልድ ሲገለባበጥ ማየት ደግሞ ለእኔ ከማንኛውም ሸቀጥ የበለጠ ይደንቀኛል።

የእናቴ አባት ዘመን ሐይቅና አምባሰል ላይ ትልቁ ሕልም ደሴ ገብቶ ወይዘሮ ስሂን መማር ነበር። ከዚያ አስተማሪ መሆን። አስተማሪ ማለት ደመወዙ በወሩ የሚመጣ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ሠርግ ላይ ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያም ዓለማያ፣ የጎንደሩ ጤና ኮሌጅና የሕንፃ ኮሌጁ ሲከተሉ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሙያ ስም አወጣ። እርሻ የሚል ዓለማያ ይላል፤ ጤና የሚል ጎንደር ይላል። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሲጨመር የቴክኒክ ልጆች ወደዚያ ዞሩ። ኮሜርስ የገባ ደግሞ ባንክ ወይም አየር መንገድ እንደሚቀጠር የታወቀ ነበር። አጎቴ የኮሜርስ ነው፤ ዛሬም የጽሕፈት መኪና ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይበራል። በደርግ ጊዜ ደግሞ አገር ውስጥ ያለው ኮሌጅ ሁሉ በአንድ ቃል ደበዘዘ፦ «ውጭ»። ሞስኮ፣ ኪዬቭ፣ ሀቫና፣ ምሥራቅ በርሊን። ምን ተማረ ቢባል ቤተሰቡ አያውቅም፤ «ሶሻሊስት አገር ነው ያለ» ማለት ይበቃል።

ከዚያ የእኛ ጊዜ መጣ። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ በጅምላ ተከፈተ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተተከለው ያኔ ነው። ወዲያው ደግሞ 70 ለ30 የሚባለው ፖሊሲ ተከተለ። ከመቶ አዲስ ገቢ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ። አገሩ ሁሉ ኢንጂነር፣ ኢንጂነር አለ። እኔ በ2003 ዓ.ም. ስፈተን ከሠላሳዎቹ ወገን ነበርኩ። ቢዝነስ ደረሰኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ለጎረቤት ሲነግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማርኬቲንግ... ያው ንግድ ነገር ነው» ይል ነበር። የዚያው ጎረቤት ልጅ ኢንጂነሪንግ ስለደረሰው በግ ታርዷል፤ እኛ ቤት በዚያን ቀን ሽሮ ነው የተበላው። ልጁ በሲቪል ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ኖረ። ዛሬ ስልክ ጥገና ከፍቷል፤ ደህና ይኖራል፣ ስልኬንም የሚሠራልኝ እሱ ነው። ይህን የማነሳው ለመመጻደቅ አይደለም። እኔም የሠራሁትን ስለማውቅ ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

አሁን ደግሞ ነፋሱ ሌላ ነው። ሶፍትዌር፣ ዳታ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የማይል ወላጅ የለም፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ቤታችን ውስጥ ከዘመድ ስም እኩል ይጠራል። ሕክምና ገና ከዙፋኑ አልወረደም፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ሥራ ሲያቆሙ ያየ ወላጅ ጥቂት ዝም ብሏል። ርቀትም ዋጋው ጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች የሚያስታውስ እናትና አባት «ጥሩ ዩኒቨርሲቲ» ሲል መጀመሪያ የሚያስበው መንገዱን ነው። ወሎ ላይ ደግሞ የራሱ ቁስል አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ክፉኛ ተዘርፏል፤ ዳገቱ ላይ «ደሴ ምን አለና!» ያለው ሰውዬ ይህን ማለቱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ራሴ።

ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ቋሚ ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የማርኬቲንግ ክፍል ነበር። ስሙን አልጠራም። ሥራዬ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይጀምራል። በራሪ ወረቀት፣ የአጥር ባነር፣ የኤፍ ኤም ማስታወቂያ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆሙ ቲሸርት የለበሱ ልጆች። «ያለን ቦታ ውስን ነው» ብለን እንጽፋለን፤ ቦታው ግን መቼም ሞልቶ አያውቅም። ፎቶው ላይ ጋውን ለብሳ የምትስቀው ልጅ እኛ ጋ የተማረች አልነበረችም። «እውቅና ያለው» የሚለው ቃል ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይሠራል። እውቅና የሚሰጠው ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ነው፤ እኛ ግን በአንዱ ካምፓስ ባገኘነው ፈቃድ ሁሉንም ሸፍነን እንናገር ነበር። ያኔ ውሸት አይመስለኝም ነበር። ማስታወቂያ ነዋ።

መስከረም 2012 ዓ.ም. አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ዕቁብ ወጥቶላት ነው፤ ብሩ በመሐረብ ተቋጥሯል። ልጅቷ አካውንቲንግ ትፈልጋለች። እናትየዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ይኼ ቦታ ደህና ነው?» እኔም ከልቤ ፈገግ ብዬ «አያስቡ እናቴ፣ ልጅዎን ለእኛ ይተዉልን» አልኳት። ስልክ ቁጥሬንም ሰጠኋት፤ እንዲያ እንድናደርግ ሠልጥነናል። በዚያው ዓመት ሥራ ቀየርኩና ረሳኋት።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ተሰጠ። ውጤቱን ታስታውሱ ይሆናል። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ገደማ አለፉ። ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። በአንድ ቀን የስንቱ ባነር ወረደ! አንድ ማለዳ ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ያቺ እናት ናት። ቁጥሬን አራት ዓመት ይዛዋለች። ልጅቷ አላለፈችም፤ ዲግሪውን አታገኝም። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ አልጮኸችም። «ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅሽ ነው» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆይታ «እኔ ኮሌጁን አላውቀው። ያመንኩት አንቺን ነው» አለችኝ።

ልጅቷ ሁለተኛም ወደቀች። ለሦስተኛው አንድ የማውቀው የሂሳብ ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲያስጠናት አደረግሁ፤ ከፋዩ እኔ ነበርኩ። አለፈች። ይህን የጻፍኩት አመስግኑኝ ለማለት አይደለም፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የተቀመጡትን የሌሎቹን ስልክ ቁጥር አላውቀውም።

ጥሩ የግል ኮሌጅ የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አለ፤ ተማሪዎቹን በብዛት ያሳለፈም አለ። ከመንግሥቶቹም ውስጥ ስሙ ትልቅ ሆኖ አንዳንድ ክፍሉ ባዶ የሆነ አለ። ችግሩ እኛ «ደህና ነው?» ብለን መጠየቃችን ነው። ለዚህ ጥያቄ እንደኔ ያለ የማርኬቲንግ ሠራተኛ መልስ አያጣም።

ከግሸን ስንመለስ እናቴ ሐይቅ ላይ ካላደርን ብላ ሐይቁ ዳር ዐረፍን። ማዶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይታያል። ገዳሙ ሴት አያስገባምና ሁለታችንም ከሩቅ ነው የተሳለምነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው እዚህ ትምህርት ቤት ሲያቆሙ ከየአገሩ ተማሪ ይመጣ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ ተነስተው እዚህ ተምረዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም ዲያቆን ስለነበር የቆሎ ተማሪን ወግ ታውቃለች። ቅኔ የሚፈልግ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይወርዳል፤ ድጓውን ቤተልሔም ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ከሆነ ሰለልኩላ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ የሳምንታት መንገድ ይሄዳል። «የት ተማርክ?» ብቻ ተብሎ አይታለፍም፤ «ምን? ከማን?» ይባላል። ድጓ አዋቂ ነኝ ብሎ ከቤተልሔም ካልተመሰከረለት ደግሞ ስሙ ጎደሎ ነው።

አባቶቻችን ሁሉን አሟልተው ያውቁ ነበር ልላችሁ አይደለም፤ በዚያ መንገድ በረሃብና በወባ የቀረም ብዙ ነው። ነገር ግን የትምህርቱን ዓይነት ከቦታው፣ ቦታውን ከመምህሩ ለይተው ይጠይቁ ነበር። እኛ ዛሬ ስልክ ይዘን ይህንኑ መጠየቅ ያቅተናል። የምትመርጡት ተቋም በዚያ በሚፈለገው ዲፓርትመንት ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ጠይቁ፤ የኮሌጁን ድምር ሲነግሯችሁ አትቀበሉ። የግል ከሆነ ለዚያ መስክ፣ በዚያ ካምፓስ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ፤ ባነሩ ላይ ያለውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቤተ ሙከራውን «አሳዩን» በሉ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ዛሬ አልገባም ካሏችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ማናገር ነው። እሱ ኮሚሽን አይከፈለውም።

ልጃችሁንም ጠይቁ። ይህን ለማለት የሚያስችል ሞራል ያገኘሁት ዳገቱ ላይ ሳይሆን ስንወርድ ነው። በዓሉ አልፎ ሰዉ እየተጋፋ ሲወርድ ያቺ ልጅ አጠገቤ ሆነች። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ዙሪያዋን አይታ እናቷ ራቅ ማለቷን ካረጋገጠች በኋላ «ጨርቃ ጨርቅ» አለችኝ። ቴክስታይል ኢንጂነሪንግ፣ ኮምቦልቻ። አክስቷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ነው ያደገችው፤ ክረምት ክረምት እዚያ ትቀመጥ ነበር። እኔም ደንግጬ «አሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድሉን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከከለከለች ወዲህ እኮ ዘርፉ ተጎድቷል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም እንደታሰበው አልሄደም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። «አክስቴ የምትለው ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ከውጭ ነው የሚመጣው። እኔ እሱን ነው መሆን የፈለግሁት።»

የ18 ዓመት ልጅ ናት። ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም፤ በሁለተኛው ዓመት ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። ግን በዚያ ቀን ግሸን ላይ ምክር ከሰጡት ሰዎች ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ስለ ሥራው አስቦ የተናገረ እሷ ብቻ ነበረች። «ለእናትሽ ለምን አትነግሪያትም?» ብላት «ተስላለች እኮ» አለችኝ። ስለቱን እንዴት ታፍርስ?

እናቷን ያናገረቻት የእኔ እናት ናት፤ ምን እንዳለቻት እስካሁን አልነገረችኝም። ስልክ ተለዋውጠው ነበርና ባለፈው ሳምንት ተደወለ። ምደባ ወጥቷል፤ ልጅቷ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ራሷ በሞላችው አንደኛ ምርጫዋ። አጎትየው አኩርፏል። እናትየዋ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገብቷታል፤ የተሳለችው አዲስ አበባ እንዲደርሳት ነበር፣ የደረሳት ግን ልጅቷ የፈለገችው ነው። ታዲያ ሁለተኛውን ጥላ ታስገባ ወይስ ይቅር?

እናቴ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሳቀች። «አብሽሪ» አለቻት፤ «ጥላውን ግዢ። በሚመጣው መስከረም አብረን እናስገባዋለን፤ ልጅቷንም ይዘሻት ነይ፣ ፍሬሽማኑ እንዴት እንደሆነ ትነግረናለች።»